«ዓይኔ አበጠ፣ ልተወው?» ስለ ደም ካንሰሩ ክኒን ለጻፋችሁልኝ

ባለፈው እትም ስለ ደም ካንሰር ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ አንድ መድኃኒት ነው፤ ኢማቲኒብ። «ግሊቬክ» በሚለው የንግድ ስሙ የምታውቁትም አላችሁ። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ ለእሱ ብቻ ይሁን ብያለሁ። የጨጓራ ጠያቂዎቼ፣ አንድ ወር ታገሱኝ።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ እንጂ የደም ሐኪም አይደለሁም። መጠን የሚጨምረውም፣ የሚቀንሰውም፣ የሚያቋርጠውም ሐኪማችሁ ነው። ሌላው፣ የማንንም ስም አላወጣሁም። በእኛ በጎንደር ፒያሳ ላይ ያስነጠሰ ሰው አዘዞ ላይ «ይማርህ» ይባላል፤ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። በግራ በኩል ሆዱ አብጦ፣ ማታ ማታ እያላበው፣ ከስቶ ከስቶ ሐኪም ቤት ወሰድነው። «የደም ካንሰር ነው» አሉን። እኛ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ሐኪሙ ክኒን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሰደደው። መርፌ የለ፣ አልጋ የለ፣ ፀጉሩም አልረገፈ። ተስፋ ቆርጠውበት ነው እንዴ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ኧረ በሥላሴ! ተስፋ ቢቆርጡበትማ ይሄን ክኒን ባልሰጡት።

ወንድምህን የያዘው ከደም ካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ሐኪሞች በአጭሩ ሲ.ኤም.ኤል. ይሉታል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው። የሆድ እብጠቱ ጣፊያው ነው። በሽታው የሚጀምረው በአንዲት የመቅኔ ሴል ውስጥ 9ኛው እና 22ኛው ክሮሞዞም (የሴሉን መመሪያ የሚይዙት ክሮች) ተሰብረው ቁራጭ ሲለዋወጡ ነው። ይሄን የተበላሸ ክሮሞዞም መጀመሪያ ያዩት በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ስለነበር የከተማዋ ስም ወጣለት፤ ፊላደልፊያ ክሮሞዞም። የዘር በሽታ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ አንድ ትሪ ላይ አብራችሁ ብሉ።

አሠራሩን እንዲህ አስበው። ማጥፊያው የተበላሸ ወፍጮ አለ። እህል ኖረም አልኖረም ይሽከረከራል። የወንድምህ መቅኔም ነጭ የደም ሴል ሳያቆም የሚያመርተው እንደዚያ ነው። ኢማቲኒብ ማለት ማጥፊያው ላይ የሚቀመጥ ጣት ነው። ጣቱ እስካለ ወፍጮው ይቆማል። ጣቱ ከተነሳ ግን እንደገና ይነሳል። ይቺን ወፍጮ ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ኬሞ የሚባለው ሕክምና በፍጥነት የሚባዛን ሴል ሁሉ ይመታል፤ ፀጉር የሚረግፈው ለዚያ ነው። ይሄኛው በዋናነት ያቺን የተበላሸች ማጥፊያ ነው የሚፈልገው። አሜሪካ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። መጀመሪያ ላይ በጥናት ጀምረውት ከነበሩት ሰዎች ውስጥ ከ10 ዓመት በኋላ 83 በመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በፊት ይሄ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነበር የሚጨርሰው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይሄ ክኒን የደም ካንሰር ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ያ ክሮሞዞም ያላቸው ናቸው የሚጠቀሙበት። «የጎረቤቴም ልጅ የደም ካንሰር አለበት፣ ከወንድሜ ላካፍለው» እንዳትል አደራ።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ክኒኑን ጠዋት ወደ ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት በባዶ ሆዴ ነው የምውጠው። ያጥወለውለኛል፣ አንዳንዴም ያስመልሰኛል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። ከጾሙና ከመድኃኒቱ የትኛውን ልተው? (ከቀሃ ኢየሱስ አካባቢ)

መልስ፦ እማማ፣ አንዱንም አይተዉ። ሰዓቱን ብቻ ይቀይሩ።

ይሄ ክኒን ለባዶ ጨጓራ ጠላት ነው። መወሰድ ያለበት ከምግብ ጋር ነው፤ ያውም በቀኑ ውስጥ ትልቅ የሚባለውን ማዕድ ሲበሉ፣ ከሙሉ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጋር። በጉንጭ ውሃ አይሆንም። ከዋጡ በኋላ ወዲያው ጋደም አይበሉ፤ ወደ ላይ ተመልሶ ደረትዎን ያቃጥልዎታል። ቁጭ ብለው ቡናዎን ያስፈሉ።

አብዛኛው ሰው በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚታዘዝለት። ብዙውን ጊዜ 400 ሚሊ ግራም ነው፤ በሽታው ገፋ ካለ ሐኪሙ ወደ 600 ሊያደርሰው ይችላል። በቀን አንዴ ከሆነ ደግሞ በጠዋት መሆን አለበት ያለ የለም። ጾም ሲሆን 9 ሰዓት ላይ ሲፈቱ፣ ወይም ማታ 1 ሰዓት ላይ ራት ሲበሉ ይውሰዱት። አንዱን ሰዓት ከመረጡ ግን እሱኑ ያጽኑ። የጾም ምግብ ምንም አይልም፤ ሽሮውም ምስሩም ይበቃል፣ ሥጋና ወተት የግድ አይደለም። በርበሬውን ግን ለጊዜው ቀነስ ያድርጉት። ማጥወልወሉ እስኪለቅዎት አልጫው ይሻላል።

ተቅማጥ ወይም ማስመለስ በያዘዎት ቀን ግን ውሃ ሳይጠጡ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ልክ አይደለም። ሰውነትዎ ይደርቃል። ይሄን ለነፍስ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው የሚሉትን እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔ ከእሳቸው በላይ አልናገርም። ረመዳን ለሚጾሙ አንባቢዎቼም መልሱ ያው ነው። በቀን አንዴ የሚወስድ ከኢፍጣሩ ምግብ ጋር ይዋጠው። ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ደግሞ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

መዋጥ ለሚያቅተው ሰው ክኒኑን በውሃ ማሟሟት ይቻላል። ለ400ው ወደ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ለ100ው ወደ 50 ይበቃል። በማንኪያ አማስለው እንደሟሟ ወዲያው ይጠጡት። በውሃ ነው ያልኩት፤ «በጠላ ይሆናል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለና ነው። አይሆንም! ክኒኑን ወቅጦ ዱቄቱን በእጅ መንካትም አይገባም። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች ልጅ ወይም ምራት ቤት ውስጥ ካለች ዱቄቱን እሷ እንዳታዘጋጅ።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ጠዋት ስነሳ ዓይኔ እንደ ተቦካ ሊጥ ኩፍ ይላል። ሌሊት ባቴን ይዞኝ ያስጮኸኛል። ከሁሉም የባሰው ፊቴና እጄ እየነጣ ነው። ሰፈር ውስጥ «ምን ተቀባሽ?» እያሉኝ ነው። አንዷ ጓደኛዬ «ኩላሊትሽ ነው፣ ተይው» አለችኝ። ልተወው? (ከማራኪ)

መልስ፦ እታለም፣ አትተዪው። የጻፍሽልኝ ሦስቱም የሚታወቁ ናቸው፣ ከመድኃኒቱ ነው። የጎንዮሽ ጉዳት ይባላሉ እንጂ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም።

ከዓይንሽ እንጀምር። ኢማቲኒብ ሰውነት ውስጥ ውሃ ያስቋጥራል። ሌሊት ስትተኚ ውሃው የዓይን ቆብ ላይ ይከማቻል፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይቀንሳል። ጨው ቀንሺ። ትራስሽን ከፍ አድርጊ። የቁርጭምጭሚት እብጠትም እንደዚሁ ነው። ዋናው ነገር ሚዛን ነው። በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ተመዘኚና ጻፊው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኪሎሽ ድንገት ከጨመረ ወፈርኩ ብለሽ እንዳትደሰቺ፣ ውሃ ነው። ከዚያ ላይ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ተኝተሽ መተንፈስ ካቃተሽ ወይም ሆድሽ ከተነፋ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።

የባት ቁርጠቱ የሚያናድድ ነገር ነው። የሚጎዳው እንቅልፍን ነው እንጂ ሕይወትን አይደለም። ሲይዝሽ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ቆመሽም ተረከዝሽን መሬት አስነኪ። ቀን ላይ ውሃ ጠጪ። ለሐኪምሽም ንገሪው፤ የደም ማዕድንሽን፣ ፎስፌቱንም ጨምሮ፣ ሊያስለካ ይችላል። ለዚህ ብለሽ ግን ከሱቅ የህመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ አትቃሚ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ለቀነሰበት ሰው ደም ያፈሳሉ፣ ውሃ ማስቋጠሩንም ያብሳሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከሆነ ጉበት ላይ ስለሚደራረብ ጠይቀሽ ይሁን።

አሁን ወደ ነጣው ፊትሽ። የፈረንጅ ድረ ገጽ ላይ ይሄ ነገር ከታች በኩል በትንሹ ነው የሚጻፈው፤ የእነሱ ቆዳ ላይ ብዙም አይታይማ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። መድኃኒቱ ያችን የተበላሸች ማጥፊያ ብቻ ሳይሆን ለቆዳ ቀለም የሚሠራ ሌላ ማጥፊያም ትንሽ ይነካል። ለምጽ አይደለም። መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ቀለም ይመለሳል። እስከዚያው ለፀሐይ ስለምትሳሺ ነጠላሽንም ጃንጥላሽንም አትርሺ። «ምን ተቀባሽ?» ለሚሉሽ ደግሞ «ዕድሜ» በያቸው። ለማንም ማብራሪያ የለብሽም።

ጓደኛሽን አልቆጣትም፣ ወዳሽ ነው። ግን ይሄን ክኒን የሚያስተውት አብዛኞቹ ምልክቶች ቀላሎቹ ናቸው። ከባዶቹ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በመስታወት አይታዩም፣ በደም ምርመራ ነው የሚገኙት። ነጭ ሴል፣ ቀይ ሴልና ፕላትሌት ከሚገባው በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ በሁለተኛው በየሁለት ሳምንቱ የደም ቆጠራ እንዲደረግ የሚመከረው፤ ከዚያ በኋላ እየተራራቀ ይሄዳል። የጉበት ምርመራም አለ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ድድና አፍንጫ ደም አልቆም ካለ፣ የዚያኑ ቀን ነው የሚኬደው። ከዚህ በፊት የወፍ በሽታ ይዞሽ ከነበረ ደግሞ ለሐኪምሽ ንገሪ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ከሆነ ይሄ መድኃኒት ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ከመጀመሩ በፊት መመርመር የነበረበትም ለዚህ ነው። ካልተመረመርሽ አሁንም አልረፈደም።

ጥያቄ፦ ትናንት ረሳሁት። ዛሬ ሁለት ልዋጥ? (ከቀበሌ 18፣ ባጃጅ ሹፌር)

መልስ፦ አትዋጥ። በዚያው ቀን ትዝ ካለህ ከምግብ ጋር ውሰደው። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ያለፈው አልፏል፣ የዛሬውን ብቻ ውሰድ። ውጠኸው ካስመለስክም ደግመህ አትዋጥ፣ የነገውን ጠብቅ። ስልክህ ላይ ደወል ሙላ። ባጃጅ ነጂ ስለሆንክ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ክኒኑ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል ወይም ዓይኑን ያደበዝዘዋል። እንደዚያ በሆንክበት ቀን ያቺን የአራዳ ቁልቁለት በእግርህ ውረዳት።

ጥያቄ፦ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ መውረዴ ነው። ሁለት ወር እቆያለሁ። ክኒኑ ሙቀት ይችላል? ወባ ቢይዘኝስ? (ከጎንደር ዙሪያ)

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ስለጠየቅህ ብቻ ላመሰግንህ ይገባል። ብዙዎቹ ወርደው ነው የሚጠይቁኝ፣ እሱም ሲብስባቸው።

ክኒኑ የሚቀመጠው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት፣ ደረቅ ቦታ ነው። መተማ ቀን ቀን ከዚያ በላይ እንደሚሄድ አንተ ከኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ስለዚህ በኪስህ ይዘኸው ፀሐይ ላይ አትዋል። ከነማሸጊያው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ክተተውና ጥላ ስር፣ የመጠጥ ውሃው እንስራ ከሚቀመጥበት ጥግ አኑረው። ከእንስራው ጎን ነው ታዲያ፣ እርጥበት እንዳይነካው። ከማሸጊያው አውጥተህ በፌስታል አትቋጥረው።

ወደ ወባው እንምጣ። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። የአንተ ነጭ ሴል በመድኃኒቱ ምክንያት ወርዶ ከሆነ፣ ሙቀትህ 38 ሲደርስ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ «ወባ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ድንኳን ውስጥ የሚተኛበት አይደለም። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ የወባውንም የደም ቆጠራውንም አስደርግ። ወባ ከተገኘብህ ታከም፤ ወባ ራሱ ይገድላል። ግን «ኢማቲኒብ እወስዳለሁ» ማለትህን እንዳትረሳ። ኮአርተምን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶችንና ኢማቲኒብን ጉበት በአንድ በር ነው የሚያስተናግዳቸው። በሩ ላይ ሲጋፉ አንዱ ከሚገባው በላይ ደም ውስጥ ይከማቻል። የሚያክምህ ባለሙያ ካወቀ ይጠነቀቃል፤ ከመሄድህ በፊትም የደም ሐኪምህን ስለዚሁ ጠይቀው።

ይሄን በር በደንብ የሚያውቁ ሌሎችም አሉ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተውና ኢማቲኒብ ሥራውን ሳይሠራ ከግማሽ በላዩ ይወጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታልም እንደዚያ ናቸው። በተቃራኒው ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል የሚባሉት የፈንገስ ክኒኖች፣ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም በሩን ይዘጉትና ኢማቲኒብ ይጠራቀማል። ግሬፕፍሩትም ከዘጊዎቹ ነው፤ ጣፋጩ ብርቱካን ግን ምንም አይልህም። የእንቅርት ቀዶ ጥገና አድርጋችሁ የታይሮይድ ክኒን የምትውጡ አንባቢዎችም እዚህ ጋ አላችሁበት፤ መጠኑ ሊያንሳችሁ ስለሚችል የሆርሞን ምርመራ ይደገምላችሁ።

ይሄን ሁሉ የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ፣ መስኮቱ ላይ ሰልፍ በዝቶ፣ አንዲት እናት ለሳል የታዘዘላቸውን ክላሪትሮማይሲን ይዘው መጡ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ አልጠየቅሁም። እሳቸውም አልነገሩኝም፤ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «የካንሰር ክኒን እወስዳለሁ» ማለት ከብዷቸው ነበር። በሳምንቱ እግራቸው አብጦ፣ ሆዳቸው ታውኮ ተመለሱ። እግዚአብሔር ይስጣቸው አልተቆጡኝም። ያ ስህተት የኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልጠይቅ አንድም ክኒን አልሰጥም። እናንተም መናገር ካፈራችሁ የኢማቲኒብን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከማዘዣው ጋር አቀብሉ። ድምፅ አያስፈልገውም።

ለዳማከሴውም፣ ለኮሶውም፣ ለጥቁር አዝሙድ ዘይቱም የምለው ይሄንኑ ነው። ምግብ ላይ የሚነሰነስ ሌላ ነው። እንደ መድኃኒት በብርጭቆ የሚጠጣውን ግን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ። አረቄውን ደግሞ ተዉት፣ ጉበታችሁ የራሱ ሥራ በዝቶበታል።

ጥያቄ፦ ካገባሁ ዓመት ሆነኝ። አማቴ «ልጅ የት አለ?» እያሉ ነው። ክኒኑን እየወሰድኩ ባረግዝ ምን ይሆናል? (አድራሻዬ ይቅር)

መልስ፦ እህቴ፣ አድራሻሽ ቀርቷል።

ክኒኑን እየወሰዱ ማርገዝ አይመከርም። ጽንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል፣ ሊያስወርድም ይችላል። ስለዚህ አሁን መከላከያ ያስፈልግሻል፤ በክንድ የሚቀበረውም ይሁን መርፌው፣ ከሐኪምሽ ጋር ምረጪ። ወደ ወተትም ስለሚያልፍ እየወሰዱ ጡት ማጥባት የለም። ይሄ ማለት ግን «አትወልጂም» ማለት አይደለም። በሽታው በደንብ ከተያዘና ለዓመታት ጸጥ ካለ፣ ሐኪሙ ጊዜውን አስልቶ፣ መድኃኒቱን አቁሞ፣ በየወሩ እየተከታተለ፣ ካስፈለገም በሌላ ዓይነት መድኃኒት እየደገፈ የወለዱ ሴቶች አሉ። መታቀዱ ላይ ነው ነገሩ። ከወዲሁ ካረገዝሽ ደግሞ ደንግጠሽ በራስሽ ምንም አታድርጊ፣ በዚያው ቀን ሐኪምሽ ጋ ቅረቢ።

ክኒኑን የሚወስደው ባል ከሆነስ ለሚሉኝ፦ እንደ ሴቷ የሚያሰጋ ነገር እስካሁን አልታየም፤ ብዙ አባቶች እየወሰዱ ጤነኛ ልጅ ወልደዋል። ቢሆንም ከማቀዳችሁ በፊት ሐኪሙ ይወቀው።

አማትሽን በተመለከተ ባልሽ ይናገር። ይሄ የአንቺ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ወሰድኩ። ደሜ ንጹሕ ነው ተብያለሁ፣ ጣፊያዬም ገብቷል። ጸበል ገብቼም ነበር፣ እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣለው» አሉኝ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምወስደው። ድኜ ይሆን? (ከደባርቅ)

መልስ፦ የዛሬው አምድ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ቢሆን ደስ ባለኝ።

«ደምህ ንጹሕ ነው» የተባልከው በደም ቆጠራ ከሆነ፣ ቆጠራው የሚያየው ብዛትን ነው። ጥቂት የታመሙ ሴሎች ተደብቀው ቢቀሩ አያያቸውም። እነሱን የሚያየው ፒ.ሲ.አር. የሚባለው ምርመራ ነው፤ ያችን የተበላሸች ማጥፊያ ከደምህ ውስጥ ፈልጎ ይለካል። መጀመሪያ አካባቢ በየ3 ወሩ ቢደረግ ይመረጣል። እዚህ ባይገኝ እንኳ ናሙናው የሚላክበት መንገድ ካለ ሐኪምህን ጠይቀው።

አሁን ወፍጮዋን ላንሳት። ጣትህን በሳምንት አራት ቀን ካነሳህ ወፍጮው አራት ቀን ይፈጫል። ከዚያ የባሰው ደግሞ በሽታው የቀነሰውን መድኃኒት እየለመደ የሚለወጥበት ዕድል ማግኘቱ ነው። በኋላ ሙሉውን ብትወስድም ላይሰማህ ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የለንደን ጥናት አለ። ለዓመታት ኢማቲኒብ የወሰዱ 87 ሰዎችን፣ የጠርሙሱ ክዳን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በሚቆጥር መሣሪያ ተከታተሉ። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት ጥሩ የፒ.ሲ.አር. ውጤት ላይ የመድረስ ዕድላቸው 94 በመቶ ግድም ነበር። ከ90 በታች የሆኑት ግን 28 ላይ ቀሩ። 90 በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን ብቻ መዝለል ነው። አንተ በሳምንት አራት ቀን ነው የዘለልከው ወንድሜ!

በሐኪም ፈቃድ የሚያቆሙ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ለዓመታት ወስደው፣ ፒ.ሲ.አር.ራቸው ቢያንስ ሁለት ዓመት እጅግ ዝቅ ብሎ የቆየ፣ ካቆሙም በኋላ መጀመሪያ ላይ በየወሩ የሚመረመሩ ናቸው። ያም ሆኖ ግማሽ ያህሉ ላይ በሽታው ይመለሳል፤ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት። ቶሎ ስለሚታወቅ ክኒኑን መልሰው ይጀምራሉ፣ ይይዝላቸዋልም። ያለ ምርመራ ያቆመ ሰው ግን መመለሱን የሚያውቀው ጣፊያው ዳግም ሲያብጥ ነው።

ስለ ጸበሉ አልከራከርህም። እኔም እሄዳለሁ። ግን ክኒን ጣሉ የሚሉት እነማን ናቸው? የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲመጣ ይሄው ወሬ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ጸበሉን ጠዋት ጠጣ፣ ክኒኑን ማታ ከራትህ ጋር ዋጥ። አይጣሉም።

አሁን ማድረግ ያለብህ ነገር አንድ ነው። ለሐኪምህ «ሳምንት ሙሉ ሳይሆን ሦስት ቀን ነው የምወስደው» ብለህ እውነቱን ንገረው። ከዋሸኸው ውጤቱ የተበላሸው መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ይመስለዋል። ከዚያ ወደ ሌላ፣ ወደ ውድና ወደ ከባድ መድኃኒት ይቀይርሃል፣ ያለ ምክንያት።

ጥያቄ፦ የዚህ ወር ክኒን ቀለሙም ካርቶኑም ተቀየረብኝ። የሌላ አገር ነው ይላል። ደግሞም አንድ ወዳጄ የእሱን አጋራኝ፤ የእሱ ስሙ «ኒሎቲኒብ» ይላል። ያው ነው ሲሉኝ እየዋጥኩ ነው። (ከአውቶቡስ ተራ አካባቢ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር የለውም፣ ሁለተኛው አስደነገጠኝ።

ካርቶኑ ላይ «ኢማቲኒብ» የሚለው ስምና የሚሊ ግራሙ ቁጥር ያው ከሆነ ቀለሙ ቢጫ ሆነ ቡና ዓይነት አያሳስብህ። መድኃኒቱን መጀመሪያ የሠራው ኖቫርቲስ የሚባለው ኩባንያ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የባለቤትነት መብት ጥያቄውን ውድቅ ካደረገበት ወዲህ የሕንድ ፋብሪካዎች ያለ ስጋት በርካሽ ያመርቱታል። ከታወቀ ፋርማሲ ወይም ከምትከታተልበት ሐኪም ቤት እስከወሰድከው ድረስ ችግር የለም። ከመርካቶ በሰው በሰው የመጣ ከሆነ ግን አልዋስህም።

ኒሎቲኒብ ግን ሌላ መድኃኒት ነው። ለዚያው በሽታ ነው፣ ሕጉ ግን ተቃራኒ ነው። ኢማቲኒብ በጥጋብ ይዋጣል። ኒሎቲኒብ በባዶ ሆድ ነው፤ ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊት፣ ከተዋጠም በኋላ 1 ሰዓት ምግብ አይነካም። በጥጋብ ከተወሰደ ደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣና የልብ ምት ያዛባል። ዳሳቲኒብ የሚባል ሦስተኛም አለ። እሱ ደግሞ ሳንባ ዙሪያ ውሃ ያስቋጥራል፣ የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞልም አይስማማውም። ሦስቱም «ኒብ» ብለው ስለሚያልቁ ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ወንበር አይተካም። የወዳጅህን ክኒን ዛሬውኑ አቁም፣ መልስለትም፤ እሱም እየጎደለበት ነው። ልብህ ድው ድው ካለ ወይም ራስህን ሊያስትህ ከቃጣ ሐኪም ቤት ድረስ። ባይልህም ስንት ቀን እንደወሰድክ ለሐኪምህ ንገረው።

ለምን ልትበደር እንደደረስክ ግን ይገባኛል። ክኒኑ አልቆብህ፣ ቀጠሮው አዲስ አበባ ሆኖ፣ መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል። ከዚህ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሁልጊዜም መኪና አይገኝም። ስለዚህ ሦስት ክኒን ሲቀርህ አትነሳ። አሁን ይሄን አንብበህ እንደጨረስክ ማሸጊያውን አውጣና ቁጠር። ከ14 በታች ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪም ቤቱ ደውል።